አማት ረቡዕ ትመጣለች

የሂሳብ መምህር ነበርኩ። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ጣት ደንዝዞ ጠመኔ አልይዝ በሚልበት ብርድ፣ ለዘጠነኛ ክፍል እኩልታ አስተምር ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። አንድ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው ከክፍል አስጠሩኝና ስሙን ዛሬም ቢሆን ለመጻፍ እጄ ወደማይታዘዝልኝ አንድ መሥሪያ ቤት ወሰዱኝ። በዚያን ጊዜ ከሥራ ቦታ ተጠርቶ መወሰድ ምን ማለት እንደነበር ያየ ያውቀዋል። ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን እንኳ ሳልጨርስ ወጣሁ፤ ተማሪዎቼ ኤክስ ስንት እንደሆነ ሳያውቁ ቀሩ።

የጠበቀኝ አንድ ሻምበል ነው። አጠር፣ ደልደል ያለ፣ ኮቱን በካፖርት፣ ካፖርቱን በጋቢ የደረበ ሰው። ወንበር እንኳ ሳያሳየኝ፣

«ጓድ መምህር፣ ጠላት ብትሆን ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?» አለኝ።

«እኔ ጠላት አይደለሁም፣ ጓድ ሻምበል።»

«አውቃለሁ። ብትሆንስ?»

«አልሆንም።»

«ሁን ብልህስ?»

ምን ይባላል? እሆናለሁ ብል ራሴን አሳልፌ መስጠቴ ነው፤ አልሆንም ብል ደግሞ ትእዛዝ እምቢ ማለቴ ነው። ላቤ በጀርባዬ ወረደ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ በላብ የራሰ ሰው በዚያ ዓመት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። «ትእዛዝ ከሆነ... እሞክራለሁ» አልኩ።

«በጣም ጥሩ። ከዛሬ ጀምሮ ጠላት ነህ። ቁጭ በል።»

ነገሩ ወዲያው ተብራራልኝ። መሥሪያ ቤቱ ወደ አንኮበርና ወደ ሌሎች ጣቢያዎች በሬዲዮ መገናኛ መልእክት ይልካል። መልእክቱ በምስጢር ቃል የተሸፈነ ነው። ሻምበሉ የፈለገው ቁጥር የሚያውቅ፣ ቁጭ ብሎ በጠላት ጭንቅላት የሚያስብ፣ ምስጢሩ የቱ ጋ እንደሚቀደድ ከጠላት ቀድሞ የሚያገኝ ሰው ነው። ዛሬ የእኅቴ ልጅ ይህንኑ ሥራ በኮምፒውተር ይሠራል፤ የሳይበር ደኅንነት ተመራማሪ ይሉታል። ሥራውን ሲያስረዳኝ «ጋሼ፣ አንተ እንኳ አይገባህም» ብሎ ይጀምራል። እኔም ዝም ብዬ እሰማዋለሁ።

ሻምበሉ መታወቂያ እንዲሆነኝ ደብዳቤ አስጻፈልኝ። ቃል በቃል ነው የማስታውሰው፦ «የዚህ ደብዳቤ ያዥ ለሥራ ጉዳይ ጠላት ስለሆነ በሚሄድበት ሁሉ አስፈላጊው አብዮታዊ ትብብር እንዲደረግለት እናሳስባለን።» ከታች ማኅተም አለ። ይህን ወረቀት ካልሲዬ ውስጥ አጥፌ፣ ለማንም ላለማሳየት ምዬ ወጣሁ።

ቀጥሎ የምስጢር ቃላቱን መዝገብ ሰጠኝ። ደራሲው ራሱ ሻምበሉ ነው። ሐሳቡን ሲያስረዳኝ ዓይኑ በራ። «ሌሎች ቁጥር ይጠቀማሉ፣ የአውሬ ስም ይጠቀማሉ። እንዲህ ያለውን የሰማ ሁሉ ምስጢር መሆኑን ያውቃል። እኔ ግን የቤተሰብ ወሬ አደረግሁት። የሰው የቤተሰብ ወሬ ማን ይሰልላል?»

መዝገቡን ገለጥኩት። ከበላይ አካል የሚመጣ ባለሥልጣን «ሙሽራ» ነው። አጃቢ ወታደር «ሚዜ»፣ ስብሰባ «ድግስ»፣ ነዳጅ «ጠላ»። ምስጢር መባከኑን ለማስታወቅ «ልጅቷ አርግዛለች» ይባላል። ጠላት ደግሞ «አማት» ነው።

«አማት ለምን ጠላት ሆነች፣ ጓድ ሻምበል?» ብዬ ጠየቅሁ።

በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተ። «ይሄ የግል ልምድ ነው» አለ፤ ወሬው በዚያው ተዘጋ።

ሁለት ሳምንት ያህል የቆዩ መልእክቶችን እየደረደርኩ፣ የትኛው ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ እየቆጠርኩ እንደ ጠላት አሰብኩ። ምንም አላገኘሁም። ሆኖም ቀዳዳ መኖሩ እርግጥ ነበር። በድንገት ለቁጥጥር አንኮበር የሚወጣ ባለሥልጣን ሁሉ፣ ገና መኪናው ሳይታይ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ መንገድ ዳር ቆሞ ነው የሚጠብቀው። «አንኮበር ውጣ» አለኝ ሻምበሉ፤ «ሳይታወቅብህ ግባ፣ ቀዳዳውን ፈልገህ አምጣ።» ከዚያ ደግሞ መንገድ ላይ እንዳልቸገር አዘነልኝና፣ ሰኞ ዕለት እኔው ፊት ማይክሮፎኑን አንሥቶ ወደ አንኮበር ጣቢያ እንዲህ አለ፦

«አማት ረቡዕ ትመጣለች። በአውቶቡስ ነው። ደኅና አድርጋችሁ ተቀበሏት።»

ረቡዕ ተነሣሁ። ከደብረ ብርሃን መውጫ ላይ ያለው ኬላ አውቶቡሱን አስቁሞ ሁላችንንም አስወረደ። ፈታሹ ሚሊሻ ከእግሬ ጀመረና ካልሲዬ ውስጥ ያለውን ወረቀት አገኘው። ዘርግቶ አየው። ፊደል ገና የያዘ ሰው ነበር መሰለኝ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «የ... ዚ... ህ...» ብሎ ጀመረ። «ጠላት» የሚለው ቃል ጋ እስኪደርስ ስንት ፊደል እንደቀረው መቁጠር ጀመርኩ። አልደረሰም። ሰለቸውና ወደ ታች ዘሎ ማኅተሙን ተመለከተ። «ትልቅ ማኅተም ነው» አለ በአክብሮት። «ይለፉ ጌታዬ።»

አንኮበር ስንደርስ ጉም ነበር። ከአውቶቡሱ ስወርድ አንዲት ሴትዮ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ ከኔ ትከሻ በላይ አንገቷን አስግጋ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ታያለች። ከጎኗ ሽበት የጣለበት ወታደር ቆሟል። የጣቢያው ሬዲዮ ኦፕሬተር ሃምሳ አለቃ እሱ ነው፤ በሻምበሉ ገለጻ ነው ያወቅሁት። እኔን ሲያይ ሰላምታ ሊሰጥ እጁን አነሣና መሐል ላይ ትዝ ብሎት ጆሮውን አከከ። አውቶቡሱ ባዶ ሲቀር ሴትዮዋ፣

«እናቴስ?» አለች።

ሃምሳ አለቃው አላያትም። «እንግዳ መጥቷል፣ ቤት እንግባ» አለ።

ቤቱ ለድግስ ተሰናድቷል። ጉዝጓዙ ተጎዝጉዟል፣ ዶሮው ተሠርቷል፣ ጠላው ተቀድቷል። አልጋው ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ከነማሰሪያው ተቀምጧል፤ ለአማት ስጦታ መሆኑ ነው። ሴትዮዋ ለእጅ ማስታጠቢያ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ አፌን ወደ ሃምሳ አለቃው ጆሮ አስጠግቼ ጠየቅሁት።

«ለባለቤትዎ አልነገሯትም እንዴ?»

«ምን ብዬ ልንገራት ጓድ መምህር? ምስጢር ነው። ሬዲዮኑ አማትህ ትመጣለች አለ፤ እሷም ሰማች። ውሸት ነው እንዳልላት መንግሥት ዋሸ ማለቴ ሊሆን ነው። እውነት ነው እንዳልላት ይኸው አንተ መጣህ።»

«ከየት ሰማች?»

«እኔ እንጃ» አለ፤ ከልቡ ነበር። «ሴት ምን ትስታለች?»

ሚስቲቱ ምግቡን አቀረበች። ፊቷ ላይ ያለው ቅሬታ ለኔ ይሁን ለአውቶቡሱ አይለይም። «ብላ» አለችኝ፤ «ለእናቴ የተሠራ ነው።» ከዚያ ትንሽ አሰበችና «ፈረሰኛውን ግን ተወው። ምናልባት ነገ ትመጣ ይሆናል» አለች። እኔ፣ በመንግሥት መዝገብ አማት የሆንኩት ሰው፣ ለአማት የታረደውን ዶሮ አንገቴን ደፍቼ በላሁ።

በማግስቱ ሥራዬን ጀመርኩ። የሬዲዮው ክፍል አንድ በር፣ አንድ መስኮት ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ በትልቅ ቁልፍ ይቆለፋል። መስኮቱ በሽቦ ታጥሯል። መዝገቡ በብረት ሣጥን ውስጥ ነው፤ የሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ ሃምሳ አለቃው አንገት ላይ፣ ከማተቡ ጋር ታስሯል። እያንዳንዱን እየነካካሁ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ በሩ ደኅና፣ መስኮቱ ደኅና፣ ሣጥኑ ደኅና። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ ያለው የናፍጣ ወፍጮ ጣራውን እያንቀጠቀጠ ይፈጫል። ደብተሬ ላይ ከነሞኝነቴ ጽፌያለሁ፦ «ወፍጮው ድምፅ ስለሚያፍን ለምስጢር ጠቃሚ ነው።»

ከረፋዱ አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወፍጮው ቀጥ አለ።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«አራት ሰዓት ሲሆን ሁልጊዜ ያቆማሉ» አለ ሃምሳ አለቃው፣ ሬዲዮኑን እየከፈተ። «እግዜር ይስጣቸው፤ ለኔ አስበው ነው። የመልእክት ሰዓቴ ነዋ።»

ከግድግዳው ማዶ ኮቴ ተሰማ። ቀጥሎ ጆንያ መሬት ላይ ሲጎተት፣ ከዚያ ሰው በጆንያ ላይ ሲቀመጥ፣ ከዚያ «እሽ!» የሚል ድምፅ። ሃምሳ አለቃው ጆሮው በመድፍ ተጎድቷል። ማዳመጫው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ስለዚህ የሬዲዮኑን ድምፅ ማጉያ እስከ መጨረሻው ከፈተው። የሻምበሉ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ሙሽራው እሑድ ይገባል። ሃያ ሚዜ አለው። ድግሱ ይዘጋጅ።»

ሃምሳ አለቃው በደንቡ መሠረት መልእክቱን ደገመ። ለራሱ ስለማይሰማው ሲደግም ይጮኻል። «ሙሽራው እሑድ ይገባል! ስንት ሚዜ አልክ? ሃያ? ሃያ ሚዜ! እንደ ሃያ ጣት ሃያ!»

ከግድግዳው ማዶ የታፈነ እልልታ ሰማሁ። ሬዲዮኑ ተዘጋ፤ ወፍጮው ተነሣ።

ወጥቼ ዞርኩ። እህል ያስፈጩ የነበሩ ሃያ የሚሆኑ ሴቶችና ጥቂት ሽማግሌዎች ጆንያቸው ላይ ተደርድረው፣ ጀርባቸውን ለቆርቆሮው ሰጥተው ተቀምጠዋል። ጥሩ ጥሩው ቦታ፣ ቆርቆሮው የተቀደደበት አካባቢ፣ በዕድሜ የተከፋፈለ ይመስላል። አንዷ ለሌላዋ «የማን ልጅ ናት የምትዳረው?» ትላለች። የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር ቀዳዳ አገኘሁት፤ እጄን ከተትኩበት፤ ክንዴ አለፈ።

ያም ሆኖ ወሬው ምን ያህል እንደሚሄድ ማወቅ ነበረብኝ። ዓርብ ገበያ ስለነበር ወደ አልዩ አምባ ወረድኩ። በርበሬ ገዢ መስዬ ነው፤ አሮጌ ኮት፣ አሮጌ ባርኔጣ፣ ባዶ ጆንያ። ቁልቁለቱን ስወርድ ብርዱ ከላዬ እየተገፈፈ ደረስኩ። አንድ ሐጂ፣ ጢማቸው በሒና የቀላ፣ በርበሬ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሰጥቼ አንድ ዛላ አነሣሁና እንደ አዋቂ አሸተትኩት። ሳነጥስ ባርኔጣዬ በርበሬው ላይ ወደቀ።

ሐጂው አንሥተው አራገፉልኝ። «ልጄ፣ አማት አንተ ነህ እንዴ?»

ባርኔጣዬን ተቀብዬ እስከ ቅንድቤ ደፋሁት።

«አትፍራ። አማት ረቡዕ ትመጣለች ተባለ፤ ከአውቶቡሱ የሴት ዘር አልወረደም፤ አንተ ወረድክ። ስለዚህ አማት ማለት አንተ ነህ። ሙሽራ ይመጣል ሲባል ደግሞ ሁልጊዜ ላንድሮቨር ይመጣል። እንግዲህ ሙሽራው ሹም ነው። እኛ ነጋዴዎች ነን፤ የዕቃ ስም ቢለዋወጥ ዕቃው አይጠፋንም።»

እኔ ሁለት ሳምንት ቆጥሬ ያልደረስኩበትን እሳቸው በርበሬ እየሸጡ ፈትተውታል። «ለማን ነገሩ፣ ሐጂ?» አልኩ በደከመ ድምፅ።

«ለማን እነግራለሁ? አንዴ ለጎረቤቴ ብነግረው ተቆጣኝ። ሰው ሠርግ ነው ብሎ ይመኛል፣ አንተ ስብሰባ ታደርግብናለህ አለኝ። ወላሂ እውነቱን ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ ሠርግ ነው እላለሁ።» ከዚያ ሻይ አዘዙልኝ።

ዳገቱን ስወጣ ጉዳዩን አሰብኩበት። እሑድ ሹሙ ሲመጣ አገር ምድሩ ለሠርግ ይወጣል፤ ሻምበሉ ይዋረዳል፤ ቀጥሎ የምዋረደው እኔ ነኝ። በነጋታው፣ ቅዳሜ፣ በመልእክቱ ሰዓት ሻምበሉን ማስጠንቀቅ አለብኝ። በግልጽ ቃል መናገር ክልክል ነው። መዝገቡን ገለጥኩ፤ «ምስጢር ባክኗል» የሚለው በምን እንደሚባል ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ሃምሳ አለቃውን «ሌላ ቃል የለም?» አልኩት። «የለም» አለ። «በቀስታ እላለሁ» አልኩ። «በቀስታ ከተናገርክ ደብረ ብርሃን አይሰማህም» አለኝ።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ወፍጮው ቆመ። ማይክሮፎኑን ያዝኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ልጅቷ አርግዛለች!» ብዬ ጮኽሁ።

ከግድግዳው ማዶ አንድ ዕቃ ወደቀ።

«ምን?» አለ ሻምበሉ ከሬዲዮኑ። «እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ! ቆይቷል!»

«ከማን?»

ማን ምስጢሩን እንዳወጣው መጠየቁ ነው። የማውቀውን መለስኩ። «ከአንድ ሰው አይደለም! ከሰፊው ሕዝብ ነው!»

«እግዚኦ!» አለ ማዶ ያለ የሽማግሌ ድምፅ።

ሻምበሉ በተጨነቀ ድምፅ፣ «ሙሽራው ተነሥቷል፤ አሁን አይመለስም። ብቻ እንዳይሰማ! ሙሽራው ምንም እንዳይሰማ!» አለና ተቋረጠ።

ሃምሳ አለቃው በደንቡ መሠረት ደገመው። «ሙሽራው ምንም እንዳይሰማ!» ከማዶ ብዙ ድምፅ በአንድነት «አይሰማም፣ አይሰማም» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ቃል ገቡልን።

በዚያ ቀን አንኮበር ውስጥ ሴት ልጅ ያለው አባት ሁሉ ምክንያት ፈጥሮ ወደ ቤቱ ገባ።

ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ መጣ። አንዲት ቀጭን አሮጊት ዘንቢል አንጠልጥለው ወረዱና ቀጥ ብለው ወደ ሃምሳ አለቃው ቤት ሄዱ። ሚስቲቱ ጮኻ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እውነተኛይቱ አማት፣ ከሩቅ ከተማ ከእነዋሪ።

«እማማ፣ እንዴት መጡ?» አልኳቸው ከተቀመጡ በኋላ። ለምርመራዬ ያስፈልገኝ ነበር።

«እንዴት እንደመጣሁማ እናንተ ታውቃላችሁ እንጂ» አሉ፤ ጫማቸውን እያወለቁ። «ሐሙስ ገበያ ወጣሁ። ያየኝ ሁሉ፣ እንዴ፣ ትናንት ልጅሽ ጋ ሄደሽ የለም ወይ ይለኛል። ኧረ አልሄድኩም እላለሁ። ሬዲዮ ተናግሯል ይሉኛል። ሬዲዮ የተናገረውን አልሄድኩም ብል ማን ያምነኛል? በስተርጅና ውሸታም ከምባል ብዬ መጣሁ።»

ደብተሬን አወጣሁና «እነዋሪ፣ ሦስት ቀን» ብዬ ጻፍኩ። ወሬው ከመሥሪያ ቤታችን ፖስታ ይፈጥናል። ፈረሰኛው ለባለቤቱ ደረሰ። ብርድ ልብሱም ተፈታ። እሳቸው ግን ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር፤ «እኔን ሆኖ የመጣው ይሄ ነው?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁ። «ጢም እንኳ ሳይላጭ።»

እሑድ ፀሐይ ወጣች። ሕዝቡ ከየዳገቱ ነጭ ለብሶ ወረደ፤ ከአልዩ አምባም በበቅሎ የወጡ ነበሩ። ከበሮው ተመታ፣ ሴቶቹ የሠርግ ዘፈን ያዙ። ሁለት ላንድሮቨርና አንድ የወታደር መኪና አቧራ እያቦነኑ ደረሱ። ሻምበሉ ቀድሞ ወረደ፤ ፊቱ የረጠበ ጠመኔ ይመስላል። ተከትሎት ሹሙ ወረደ። ስድሳ የተጠጋ፣ ግዙፍ፣ እግሩን የሚያነክስ ሰውዬ ነው። እልልታው ቀለጠ። ሆኖም ሴቶቹ እያዩት ከንፈራቸውን ሲመጡ አየሁ። ከአጠገቤ አንዷ «ምስኪን፣ በዚህ ዕድሜው» አለች። ሌላዋ «እሽ! ቃል ገብተናል» አለቻት። ሃያዎቹ ወታደሮች ሲወርዱ ልጃገረዶች «ሚዜዎቹ! ሚዜዎቹ!» እያሉ ቄጤማ በተኑባቸው።

ሹሙ ይህን የመሰለ አቀባበል በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። በርሜል ላይ ወጥቶ ንግግር ጀመረ፤ ስለ ምርት፣ ስለ ንቃት፣ ስለ መደራጀት። ሕዝቡ በትዕግሥት ሰማው፤ ሙሽራ ምንም ቢል ይሰማል። መሐል ላይ ግን የእነዋሪዋ አማት፣ የአገሩን ቃል ኪዳን ያልሰሙት፣ ከፊት ተነሥተው ቆሙ።

«ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው ልጄ» አሉ። «ሙሽሪት የታለች?»

ሹሙ ወደ ሻምበሉ ዞረ። ሻምበሉ ወደኔ ዞረ። እኔ የምዞርበት አልነበረኝም። ሃምሳ አለቃው ብቻ ምንም ስላልሰማ ፈገግ እንዳለ ነው። የሻምበሉ አፍ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ፤ በሦስተኛው ድምፅ ወጣው።

«ሙሽሪት... ሙሽሪት አብዮቷ ናት!»

እኔ አጨበጨብኩ። ብቻዬን ነበርኩ። ከዚያ ሃምሳ አለቃው እጄን አይቶ አጨበጨበ፤ ሌላውም ተከተለ።

አማቲቱ ግን አልተቀመጡም። «እሷ ናት እንዴ ያረገዘችው?»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ሻምበሉ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ኬላው ላይ ያለው ሚሊሻ ስመለስ ደብዳቤውን አንብቦ ይጨርሰዋል ብዬ አሰብኩ።

ሹሙ ግን ፊቱ በራ። እንዲህ ያለ ነገር ከገበሬ አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ሲመኝ የኖረ ሰው ይመስል ሁለት እጁን ዘረጋ። «አዎን እናቴ! ትክክል ነው! አብዮታችን አርግዛለች! በቅርቡም ትወልዳለች!»

«ከማን?» አለ ከኋላ አንድ የጨነቀው አባት።

«ከሰፊው ሕዝብ!» አለ ሹሙ።

ከእሱ አፍ ሲወጣ አገሩ ሁሉ ተነፈሰ። ሙሽራው ያውቃል! አውቆም ይቅር ብሏል! እንዲያ ያለ እልልታ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልሰማሁም። ሽማግሌዎች መጥተው እጁን ጨበጡ፤ አንዱ «ታላቅ ሰው ነህ» ብለው ትከሻውን ሳሙት። ከኋላ፣ በበቅሎአቸው አጠገብ፣ ሐጂው ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሹሙ ሲመለስ ለሻምበሉ እንዲህ ያለ የፖለቲካ ንቃት በየትም ወረዳ አላየሁም አለው። ሳምንት ሳይሞላ የምስጋና ደብዳቤ መጣ። ሻምበሉ ደብዳቤውን አስነብቦኝ ሲያበቃ በሩን ዘጋ።

«በል ንገረኝ» አለ። «ቀዳዳው ምንድን ነው?»

ወፍጮውን ነገርኩት፣ ቆርቆሮውን ነገርኩት፣ የሃምሳ አለቃውን ጆሮ ነገርኩት። «ይህ ግን ትንሹ ነው» አልኩት። በዚያ ቢሮ ድፍረት የተሰማኝ ያን ቀን ብቻ ነው። «ትልቁ መዝገቡ ነው፣ ጓድ ሻምበል። በቁጥር ብናወራ ኖሮ ወፍጮው አይቆምም ነበር። በዚህ አገር ሰው የመንግሥትን ወሬ ይሸሻል፤ የሠርግና የአማት ወሬ ግን ተራራ ወጥቶ ይሰማል። ምስጢር ማንም ሊሰማው የማይፈልገው ነገር መምሰል አለበት።»

ጋቢውን ወደ ላይ ሰበሰበ። «ማንም የማይሰማው ነገር ምንድን ነው?»

«የኛ ሪፖርት» አልኩ።

አዲሱን መዝገብ እኔ ጻፍኩት። ሹም «የሩብ ዓመት ዕቅድ» ሆነ፤ ወታደር «አባሪ ሠንጠረዥ»፤ ስብሰባ «የአፈጻጸም ግምገማ»፤ ጠላት «በልዩ ልዩ ምክንያት ያልተከናወነ»። በመጀመሪያው ቀን ወፍጮው በአራት ሰዓት ቆሞ ሰዎቹ ጆሯቸውን ጣሉ። «የሩብ ዓመት ዕቅዱ ከአሥር አባሪ ሠንጠረዥ ጋር ለአፈጻጸም ግምገማ ይቀርባል!» ብሎ ሃምሳ አለቃው ጮኸ። በሳምንቱ ወፍጮው መቆም አቆመ። ሴቶቹ ሃምሳ አለቃውን መንገድ ላይ እያገኙ «ምነው፣ የነዚያ ሰዎች ነገር ምን ደረሰ? ልጅቷ ወለደች?» ይሉት ነበር አሉ፤ እሱም ምስጢር ነው እያለ ያልፋል።

ምስጢሩ ከዚያ ወዲህ አልወጣም፤ ለመሥሪያ ቤቱ ለራሱም ቢሆን። ምክንያቱም መልእክቱን የምንቀበለው እኛም መስማት አቃተን። ሃምሳ አለቃው መሐል ላይ እያሸለበው ግማሹን ብቻ ይመዘግባል። ሻምበሉ ወረቀቱን ሳያነብ ይፈርማል። አንድ ጊዜ እውነተኛ የሩብ ዓመት ዕቅድ ከግብርና ሲላክልን አንኮበር ያሉት ሹም መጣብን ብለው ከተማውን ሙሉ ቀን ጠረጉ።

ሻምበሉ ሌላ ቦታ ሲዛወር የተተካው ሰው ፋይሉን አስመጥቶ አገላበጠ። ግማሽ ገጽ አንብቦ አዛጋ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ከፍተኛ ምስጢር ነው አልኩት። እንደገና ሞከረና ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «ይሄንንማ ጠላት በነፃ ብንሰጠው አይወስደውም። አንተ ሥራህ ምን ነበር?»

«መምህር ነኝ» አልኩት።

«ታዲያ ምን ትሠራለህ እዚህ?» አለና በዚያው ዕለት አሰናበተኝ። በማግስቱ ጠዋት የድሮ ትምህርት ቤቴ ጣት በሚቆርጠው ብርዱ ተቀበለኝ፤ ክፍል ገብቼ ሰሌዳውን በእጅጌዬ ጠረግሁና ሁሉም እንዲያየው አድርጌ፣ በትልቁ፣ ሁለት ኤክስ ሲደመር ሦስት ብዬ ጀመርኩ። አንዲት ልጅ ከኋላ እጇን አውጥታ አልገባኝም አለች። በደስታ ደገምኩላት።